ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር የሚነደው ኩበት

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ገዥ ሲጠብቅ ማየት ለመንገደኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛው ከሰል ከፋግታ ለኮማ ወረዳና ከአጎራባቾቹ የተሰበሰበ የአካሺያ ዲከረንስ ዛፍ ውጤት ሲሆን፣ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ያመራል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ያመነጫል። ከሰሉና ኤሌክትሪኩ ከአንድ አካባቢ ተነሥተው ወደ ከተማ ይጓዛሉ። የገጠሩ ምድጃ ግን ከሁለቱም የሚያገኘው ጥቂት ነው። እዚያ የሚነደው ጭራሮ፣ ቅጠልና ኩበት ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከሁለት ወራት በኋላ፣ በኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ በብራዚሏ ቤሌም ከተማ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባዔ ላይ ኢትዮጵያ 32ኛውን ጉባዔ (ኮፕ 32) እ.ኤ.አ. በ2027 እንድታስተናግድ ተወስኗል። ሀገሪቱ ለእንግዶቿ የምታሳየው ነገር አላት። ከሞላ ጎደል ኤሌክትሪኳን በሙሉ የምታገኘው ከውኃና ከነፋስ ነው፤ በዚህ ረገድ ብዙ የበለጸጉ ሀገራት ገና አልደረሱባትም። ይሁንና ኤሌክትሪክ በሀገሪቱ አጠቃላይ የኃይል ፍጆታ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ከአሥር እጅ ዘጠኙን እጅ ገደማ የሚሸፍኑት ማገዶ፣ ከሰል፣ የሰብል ተረፈ ምርትና ኩበት ናቸው። ስለ ኃይል ፖሊሲ ሲነሣ ዐይን ሁሉ ወደ ግድቡ ያማትራል፤ አብዛኛው ኃይል የሚነድደው ግን በማድቤት ውስጥ ነው።

ነገሩ ለፖሊሲ አውጪዎች የተሰወረ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ከባቢ አየር የለቀቀችውን በካይ ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ አስልቶታል። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የመጣው ከግብርናና ከደን ዘርፍ ነበር። ትራንስፖርትም ሆነ ኢንዱስትሪ እያንዳንዳቸው የነበራቸው ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከደን ዘርፍ በሚወጣው ጋዝ ላይ ደግሞ ከእርሻ መስፋፋት ቀጥሎ ትልቁን ድርሻ የያዘው የማገዶ ፍላጎት ነበር። ስለዚህም ስትራቴጂው ቅድሚያ ከሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ የገጠር ምድጃ ሆነ፤ ሦስቱ የውኃ ኃይል፣ የእንስሳት ሀብትና የደን ልማት ነበሩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ 9 ሚሊዮን የተሻሻሉ ምድጃዎችን የማሠራጨት ዕቅድም ተያዘ። በወረቀት ላይ ማድቤቱ ከግድቡ እኩል ቦታ ነበረው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ትኩረቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ግድቡ የሕዝብ መዋጮና የብሔራዊ ስሜት ማዕከል መሆኑ ተገቢ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ የሚከለክል ውሳኔ ይፋ አደረገ። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች፤ ዛሬ በሀገሪቱ ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች መኖራቸውን መንግሥት ይገልጻል። የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ የውጭ ምንዛሪ ደግሞ የለም። በሀገር ውስጥ ውኃ የሚመነጭ ኃይል ለመኪና ቢውል ለግምጃ ቤቱ የሚተርፈው ዶላር በየወሩ ይታያል። ኩበት ግን በዶላር አይገዛም። እናቶች ማገዶ ፍለጋ የሚያጠፉት ሰዓትም በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። መኪናው ቀድሞ ማድቤቱ ወደ ኋላ የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስላል፤ ከአየር ንብረት አንጻር ከታየ ግን ቅደም ተከተሉ ከስትራቴጂው ቁጥር ጋር አይገጥምም።

ሌላው ችግር ያለው በአቆጣጠሩ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መላውን ሕዝብ ተጠቃሚ ለማድረግ ያለመ ነበር፤ 65 በመቶው ከዋናው የኃይል ቋት፣ 35 በመቶው ደግሞ ከቋቱ ውጭ በሆኑ እንደ ፀሐይ ኃይል ባሉ አማራጮች እንዲደርሰው ታቅዶ ነበር። ጊዜው ደርሷል፤ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ግን አሁንም ኤሌክትሪክ አያገኝም። መዘግየቱ ብዙ ሲነገርለት ኖሯል። ያልተነገረለት፣ ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ እንኳ ማድቤቱ ሳይነካ ሊቀር ይችል እንደነበር ነው። በጣራ ላይ የተሰቀለች ትንሽ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ አምፖል ታበራለች፣ ስልክ ትሞላለች፣ ራዲዮ ታናግራለች። ለተማሪ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምጣድ ግን አታሰማም። በመዝገቡ ላይ ግን ያ ቤተሰብ ኤሌክትሪክ እንደደረሰው ይቆጠራል።

ኤሌክትሪክ የደረሰው ቤተሰብስ? እንጀራ መጋገር ከሌሎች ሀገራት ምግብ ማብሰል ጋር የማይነጻጸር ኃይል ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ማድቤት ለምግብ ዝግጅት ከሚውለው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው ምጣዱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በገጠር ቀበሌዎች የሚተከል 25 ኪሎ ቮልት አምፒር አቅም ያለው ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ጭነት ሳይኖርበት በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው ሰባት ምጣድ ብቻ ነው። ከአንድ ምሰሶ ሥር የሚኖሩት አባወራዎች ደግሞ ከሰባት ይበልጣሉ፤ የበዓል ዋዜማ ሲሆን ሁሉም በአንድ ቀን ይጋግራሉ። ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል ተተኪው እስኪመጣ ድረስ መንደሩ በጨለማ ይቆያል። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያም በኋላ በክልሉ በቀጠለው የጸጥታ ችግር መስመሮች በተጎዱባቸው አካባቢዎች ጥገናው ከወትሮውም ዘግይቷል። እንዲህ ያለውን ያየች እናት ጉልቻዋን ብታፈርስ ሞኝነት ይሆንባታል።

በዚህ ላይ ዋጋው አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመታት እንዲቀጥል ተወስኗል። ማሻሻያው አነስተኛ ተጠቃሚዎችን ይደጉማል፤ የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው ነው። ሒሳቡን መሥራት አያስቸግርም። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር በወር 46 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አምፖሉና ወጥ ማብሰያው ሲታከሉ ቤተሰቡ የመጀመሪያውን እርከን ያልፋል። የድኾች ተብሎ የተተወው እርከን የተሰላው እንጀራን ሳያካትት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ የማድቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጤና ባለሙያዎች መተው ይቻል ነበር፤ እርሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የሚፈጠር የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ ለ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት መሆኑን አስታውቋል። በጭሱ መካከል የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉ ሕፃናት ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ምድጃው ከጤናም አልፎ የእርሻ ጉዳይ ነው።

ደን በሳሳበት ደጋ፣ በሰሜን ሸዋና በወሎ ከፍታዎች እንዲሁም በጎንደር ዙሪያ፣ በጋ ሲገባ እበት እየተጠፈጠፈ በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው ኩበት ለክረምት ማገዶ ተከምሮ ይቀመጣል፤ ለገበያ የሚወጣም አለ። ያ እበት ማሳ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ፍግ ነበር። በደረቅ ኩበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሆናል። አንድ ቤተሰብ በቀን 3 ኪሎ ግራም ኩበት ቢያነድ በዓመት ከ1 ቶን በላይ ያቃጥላል፤ በመካከለኛው ስሌት 16 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይበንናል ማለት ነው። በዩሪያ ሲመነዘር 36 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከአንድ ኩንታል ሲሦ በላይ ይሆናል። ያው ገበሬ ሰኔ ላይ ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ወረፋ ይጠብቃል። ማዳበሪያው ከውጭ የሚገዛው በዚያው በሌለው የውጭ ምንዛሪ ነው። ነዳጅን ለመተካት መኪና የተለወጠበት ምክንያት ኩበትን ለማሳ ለማትረፍ ምድጃ ቢለወጥም ይሠራ ነበር፤ ይህን ሒሳብ ግን ከኃይልም ከግብርናም መሥሪያ ቤት የሚሠራው የለም፤ ምድጃው በአንዱ፣ ማዳበሪያው በሌላው መዝገብ ላይ ነውና።

ለፍትሐዊነት ሲባል፣ ማሳ ላይ የወደቀ ፍግ ናይትሮጅኑ ሁሉ ወደ ሰብሉ ይገባል ማለት አይደለም፤ ከፊሉ በፀሐይ ይተናል፣ ከፊሉ በጎርፍ ይታጠባል። አመዱም ቢሆን ከንቱ አይደለም። ፎስፈረስና ፖታሺየም ይዞ ይቀራል፣ የአፈርን አሲዳማነትም በመጠኑ ያቀዘቅዛል፤ ከማድቤት ጀርባ ያለው ጓሮ ጎመኑን አለምልሞ ማሳው የሚኮሰምንበት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው። ትልቁ ኪሳራ ያለው ግን ከናይትሮጅኑም በላይ በብስባሹ ላይ ነው። ውኃ የሚይዘው፣ አፈሩን የሚያስተሳስረው፣ የተጨመረውንም ማዳበሪያ አቅፎ የሚያቆየው ብስባሹ ነው። በሀገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ተገልጿል፤ ለዚያ ደግሞ በሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር ኖራ ያስፈልጋል። ብስባሽ ያለቀበት አፈር ኖራም ሆነ ዩሪያ ሲሰጠው የሚመልሰው ምርት ያነሰ ነው። ድርቅ ወይም ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚጎዳውም ይኸው አፈር ነው። ምድጃው በካይ ጋዝ መልቀቁ አንድ ጉዳት ሆኖ፣ ገበሬው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋምበትን አቅምም አብሮ ያቃጥላል።

መንግሥት ባይደርስለትም ገበሬው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከሁሉ የሚያስደንቀው የአዊ ምሳሌ ነው። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች በአሲዳማነት የተራቆተ መሬታቸው ላይ የአካሺያ ዲከረንስ ችግኝ ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጠው ያከስላሉ፣ ከዚያ መሬቱን አርሰው እንደገና ይጀምራሉ። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር የሚመልስ ዝርያ በመሆኑ መሬቱ ይታደሳል። ከሳተላይት ምስል የተነሡ ጥናቶችም የወረዳው የዛፍ ሽፋን እጅግ መጨመሩን አሳይተዋል። የትኛውም ፖሊሲ ያላዘዘው፣ ከሰል የሚሸጥበት ነገር ግን ደን የሚጨምርበት ሥርዓት በገበሬ እጅ ተፈጠረ። ከሰል ሁሉ የደን ጠላት ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር በዚህ ወረዳ አይሠራም።

ሥርዓቱ ግን በአንድ ዛፍ ላይ የቆመ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዝገት መሰል የፈንገስ በሽታ በአካሺያው ላይ ተነሥቶ ችግኙንም የቆመውንም ዛፍ አድርቋል። በአፈር ክምር በሚደረገው ልማዳዊ አከሳሰልም አንድ ኪሎ ግራም ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 7 ኪሎ ግራም እንጨት ይጠፋል፤ አከሳሰሉ ቢሻሻል ከዚያው ማሳ የበለጠ ገቢ ይገኝ ነበር። ዘርፉን ከልክሎ በየኬላው ከማስቆም ወይም በዝምታ ከማለፍ ይልቅ፣ ዝርያ በማቀላቀልና ማክሰያውን በማዘመን የሚደግፈው አካል ቢኖር ጥፋቱ ይህን ያህል ባልሆነ። ገበሬው አሁን ምን እንደሚተክል እያሰላ ነው። ባሕር ዛፍ ከተከለ ማገዶና ማገር ያገኛል፤ ጤፍና ሣሩ ግን አብረውት አይበቅሉም።

መካከለኛ መፍትሔዎችም አሉ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ሊቆጥብ ይችላል። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየቀበሌው የሴቶች ማኅበራት እየቀረጹ ሲሸጡት ኖረዋል፤ ሲሰነጠቅ ወይም ሲሰበር የሚጠግነው ስለማይገኝ ግን ብዙዎች ወደ ጉልቻ ይመለሳሉ። ሪፖርት ላይ የሚሰፍረው የተሠራጨው ምድጃ ቁጥር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እሳት የሚነድበት ስንቱ እንደሆነ ግን ቆጥሮ የሚያቀርብ ብርቅ ነው።

ባዮጋዝ ሌላው ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የቤተሰብ ማብላያዎችን ሲያስገነባ ቆይቷል። ሐሳቡ ለግብርና ሰው የሚያጓጓ ነው፤ ያው እበት መጀመሪያ ጋዝ ይሰጣል፣ ከዚያ ዝቃጩ ናይትሮጅኑን ሳያጣ ወደ ማሳ ይሄዳል። ማገዶ ወይስ ማዳበሪያ የሚለው ምርጫ ራሱ ይቀራል። ነገር ግን ለዚያ ቢያንስ አራት ያህል ከብት፣ በቅርብ ውኃና የግንባታ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከብት የሌለው ድኻ ከመነሻው ወጣ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከማብላያው የሚወጣው ጋዝ ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፣ ሰፊ ምጣድ አስምቶ እንጀራ ለመጋገር ግን ይቸገራል። ለሌላ ሀገር ማድቤት የታሰበ ቴክኖሎጂ እዚህ ሲመጣ ምጣዱ ላይ ይሰናከላል። እበቱ ወደ ማብላያው፣ ጭራሮው ደግሞ እንደገና ወደ ምጣዱ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ባሻሻለችው ብሔራዊ የአየር ንብረት ዕቅዷ እ.ኤ.አ. በ2030 የበካይ ጋዝ ልቀቷን ካልተቀነሰበት ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር በ68 ነጥብ 8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች። በራሷ አቅም የምታደርገው 14 በመቶውን ሲሆን ቀሪው በዓለም አቀፍ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ጠቅላላ ወጪውም 316 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። ከዓለም ልቀት ያላት ድርሻ ከግማሽ በመቶ በታች የሆነ ሀገር ይህን ብቻዋን ልትሸከም አትችልም፣ አይገባምም። ለምድጃ የሚሆን የካርቦን ሽያጭ ገንዘብ ለዓመታት እንደ መውጫ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ጥናት ግን፣ በዓለም ዙሪያ የተመረመሩ የምድጃ ፕሮጀክቶች ከእውነተኛው ቅነሳ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ካርቦን ሸጠው እንደተገኙ አመልክቷል። የማይነድ ምድጃ ሁሉ እንደሚነድ ተቆጥሮ ነበር። ከእንግዲህ ገዥ የሚፈልገው የተቆጠረ ምድጃ ሳይሆን የተለካ ቅነሳ ነው፤ ይህን መለካት የሚችል የቀበሌ አደረጃጀት ያለው ሀገር ተጠቃሚ ይሆናል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲቆጥሩ ምድጃውን እንዲጠይቁ ግን አልታዘዙም።

በኃይል ዘርፉ በኩል የሚቀርበው መልስም ሚዛን የሚደፋ ነው። አዲሱ ኃይል በቅድሚያ የሚሸጠው ለጅቡቲና ለኬንያ፣ ለፋብሪካዎችና ለዳታ ማይኒንግ ድርጅቶች ነው፤ እነርሱ በውጭ ምንዛሪ ወይም ባልተደጎመ ዋጋ ይከፍላሉ። የተቋሙ ዕዳ የሚከፈለው፣ አዲስ መስመር የሚዘረጋው በዚያ ገንዘብ ነው። ለተበታተነ የገጠር መንደር ምሰሶ ተክሎ በወር ጥቂት ብር መሰብሰብ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ድርጅት አያዋጣም። ክርክሩ እውነት ነው፤ የሚጎድለው ግን ኩበቱ ማሳ ላይ ሲቀር የሚተርፈውን ዩሪያ፣ ያልተቆረጠውን ዛፍ፣ ያልታመመውን ሕፃን ከገቢው ጎን አለመጻፉ ነው። ለድርጅቱ የማያዋጣው ለሀገር ሊያዋጣ ይችላል፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው ደግሞ የመንግሥት በጀት ወይም የአየር ንብረት ድጋፍ ነው።

ሁሉንም ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ማሻገር እንደማይቻል ግልጽ ነው። መስመር ባለፈባቸው ከፊል ከተሞችና ቀበሌዎች ግን መጀመር ይቻላል። ትራንስፎርመሩ በቤት ቁጥር ሳይሆን በምጣድ ቁጥር ቢሰላ፣ የታሪፉ የመጀመሪያ እርከን እንጀራን የሚያካትት ሆኖ ቢሰፋ፣ የጋራ መጋገሪያ ቤቶች በወፍጮ ቤቶች አጠገብ ቢከፈቱ ጅምሩ ይታያል። ወፍጮው በየቀበሌው የኤሌክትሪክ ደንበኛ ሆኖ ያልከሰረው ብዙ ቤት ስለሚጋራው ነው። ኩበት ለሚያነድዱት ደጋማ ወረዳዎች ደግሞ ምድጃው ከፍግና ከኮምፖስት ሥራ ጋር በአንድ ዕቅድ ቢገባ የግብርና ባለሙያው ምድጃን እንደ ባዕድ ሥራ አያየውም።

የጉባዔው እንግዶች እስኪመጡ ድረስ ሁለት ክረምት ብቻ ቀርቷል። በደጋው ኩበት የሚጠፈጠፈው ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ በየማድቤቱ ጥግ የሚከመረው ክምር ከግንቦት በፊት ይሞላል። በአዊም በበሽታ የደረቀው የአካሺያ ማሳ እየተመነጠረ ነው፤ ለመጪው ክረምት የሚተከለው ችግኝ የሚዘጋጀው በዚሁ በበጋ ነው።